ስለ መረብ ስዊች አመራረጥና ስለ መለኪያ ቃላቱ አሰያየም

መግቢያ

ለኢንተርኔት አቅራቢ ድርጅቶችና ለዳታ ማዕከሎች የሚገዙ ስዊቾች ዘወትር የሚጠሩት «ከፍተኛ ፍጥነት ያላቸው» በሚል ቅጽል ነው። ይህ ቅጽል ለሻጭ ይበቃዋል፤ ለገዢ አይበቃውም፤ ለተርጓሚ ደግሞ ወጥመድ ይሆንበታል። በእንግሊዝኛው የዕቃ መግለጫ ውስጥ ሦስት የተለያዩ መለኪያዎች ሦስት የተለያዩ ስሞች ይዘው ይቀርባሉ፤ ወደ አማርኛ ሲመለሱ ግን ሦስቱም «ፍጥነት» በሚለው አንድ ቃል ሲጠቃለሉ ይታያል። የዋጋ ማቅረቢያው በእንግሊዝኛ ቢመጣም፣ የግምገማው ቃለ ጉባኤና ውሉ በአማርኛ በሚጻፉበት መሥሪያ ቤት የቃል መደባለቅ የቋንቋ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የገንዘብም ጉዳይ ይሆናል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 ሁለተኛው የቴሌኮም ድርጅት አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ የዚህ ዓይነት ሰነድ የሚያጋጥመው ተርጓሚ ቁጥር እየበዛ እንደሚሄድ መገመት ይቻላል።

ይህ ጽሑፍ የሚያቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ለዕቃው ስም የውሰት ቃል ብንይዝ የምናጣው ነገር ጥቂት ነው፤ የዕቃውን መለኪያዎች ግን አንባቢው በሚረዳው አማርኛ፣ እያንዳንዱን ለየብቻው፣ መሰየም ይገባል። ገዢው የሚከፍለው ለስሙ ሳይሆን ለልኩ ነውና።

1. ዕቃው ምንድን ነው?

በመረብ ውስጥ የሚተላለፍ ማንኛውም ጽሑፍ፣ ድምፅ ወይም ሥዕል ጥቅል በሚባሉ ትናንሽ ክፍሎች ይቆራረጣል። እያንዳንዱ ጥቅል የላኪውንና የተቀባዩን አድራሻ ይይዛል። ስዊች ማለት በአንደኛው በሩ የገባለትን ጥቅል አድራሻ አንብቦ፣ ተቀባዩ በሚገኝበት በር ብቻ የሚያስወጣ መሣሪያ ነው።

ኢተርኔት የተባለው የመረብ ሥርዓት ሐሳብ በሮበርት ሜትካፍ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1973 ነበር። በመጀመሪያው አሠራር ኮምፒዩተሮች ሁሉ አንድ ሽቦ ይጋሩ ስለነበር፣ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲልኩ መልእክታቸው ይጋጭ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 ካልፓና የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሰባት በሮች ያሉት የኢተርኔት ስዊች ለገበያ አቀረበ። የእያንዳንዱ በር አቅም 10 ሜጋቢት በሴኮንድ ነበር። ብሮድኮም እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ያደረገው ቶማሆክ 5 የተባለው ቺፕ ግን 51.2 ቴራቢት በሴኮንድ ያስተላልፋል፤ ይህም እያንዳንዳቸው 800 ጊጋቢት የሚያስተላልፉ 64 በሮችን ያገለግላል ማለት ነው።

ለዚህ ዕቃ «ማብሪያ ማጥፊያ» የሚለውን ስያሜ መስጠት ስሕተት ነው፤ ዕቃው የሚያበራውም የሚያጠፋውም ነገር የለምና። የእንግሊዝኛው ቃል ባቡርን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው ለሚያሻግረው መሣሪያ፣ ኋላም ለስልክ መስመር ማገናኛ ሲያገለግል ቆይቶ ወደ ኮምፒዩተር መረብ የመጣ ነው። «ማዞሪያ» የሚለው የአማርኛ ቃል ከዚህ ትርጉም ጋር ይቀራረባል፤ ነገር ግን ለስልክ ማገናኛ ጣቢያ ስም ሆኖ ኖሯል፤ ከዚህም በላይ የስዊች ጎረቤት ከሆነው ከራውተር ጋር ያምታታል። ባለሙያውም ነጋዴውም «ስዊች» ስለሚሉት ይህንኑ መያዙ ይመረጣል።

2. በ«ፍጥነት» ውስጥ የተደበቁት ሦስቱ መለኪያዎች

ሀ. የማስተላለፍ አቅም። ይህ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ የሚያልፈው የቢት ብዛት ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ስዊች እያንዳንዳቸው 25 ጊጋቢት የሚያስተላልፉ 48 በሮችና እያንዳንዳቸው 100 ጊጋቢት የሚያስተላልፉ 8 በሮች አሉት እንበል። የመጀመሪያዎቹ ድምር 1,200፣ የሁለተኞቹ ድምር 800፣ በጠቅላላው 2,000 ጊጋቢት ወይም 2 ቴራቢት በሴኮንድ ይሆናል። ሆኖም እያንዳንዱ በር በአንድ ጊዜ መቀበልም መላክም ስለሚችል፣ አንዳንዱ አምራች ሁለቱን አቅጣጫ ደምሮ 4 ቴራቢት ብሎ ይጽፋል። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ ዕቃውም አንድ ነው። ተርጓሚው ሁለቱንም «ፍጥነት» ብሎ ካለፈ ግን ገምጋሚው አንደኛው ከሌላው እጥፍ የሚበልጥ ይመስለዋል። ስለዚህ «የአንድ አቅጣጫ አቅም» ወይም «የሁለት አቅጣጫ ድምር አቅም» ብሎ ለይቶ መጻፍ ግዴታ ነው።

በዚሁ አንቀጽ ሌላ አደጋ አለ። በላቲን ፊደል አጻጻፍ ቢት በትንሹ፣ ባይት በትልቁ ፊደል ያጥራሉ። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ብሎ ስለማይለይ፣ ሁለቱን በምሕጻረ ቃል ማስቀመጥ ልዩነቱን ያጠፋዋል። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ የሚፈጠረው ስሕተት ስምንት እጥፍ ነው። በአማርኛ ሰነድ «ጊጋቢት» እና «ጊጋባይት» ሁልጊዜ በሙሉ ይጻፉ።

ለ. የጥቅል ቁጥር በሴኮንድ። አንድ የእህል መዛኝ አንድ ኩንታል በአንድ ጆንያ ቢቀርብለትና ያው እህል በመቶ ትናንሽ ከረጢቶች ተከፋፍሎ ቢቀርብለት ክብደቱ አንድ ነው፤ ድካሙ ግን አንድ አይደለም። ስዊችም እንዲሁ ነው፤ የእያንዳንዱን ጥቅል አድራሻ ማንበብ አለበት። በኢተርኔት ትንሹ ጥቅል 64 ባይት ነው፤ ከፊቱ የሚቀድመው 8 ባይት ምልክትና ከኋላው የሚከተለው የ12 ባይት ክፍተት ሲደመሩ በመስመሩ ላይ የ84 ባይት ወይም የ672 ቢት ቦታ ይይዛል። በመሆኑም 10 ጊጋቢት በሴኮንድ የሚያስተላልፍ በር በትንንሾቹ ጥቅሎች ቢሞላ 14.88 ሚሊዮን ጥቅል በሴኮንድ ያልፍበታል፤ ባለ 1,518 ባይት ጥቅሎች ብቻ ቢያልፉበት ግን ቁጥሩ ወደ 813 ሺህ ይወርዳል።

ከላይ የተጠቀሰው ባለ 2 ቴራቢት ስዊች ማንኛውንም መጠን ያለው ጥቅል ያለ ችግር ለማሳለፍ 2,976 ሚሊዮን ጥቅል በሴኮንድ ማንበብ ይኖርበታል። መግለጫው «1,000 ሚሊዮን» የሚል ከሆነ፣ ሙሉ አቅሙን የሚሰጠው የጥቅሎቹ አማካይ መጠን 230 ባይት ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ብቻ ነው። የስልክ ድምፅ የሚይዙ ጥቅሎች ትናንሽ በመሆናቸው ይህ ልዩነት ለኢንተርኔት አቅራቢ ከቁጥር ጨዋታ ያለፈ ነው።

ሐ. መዘግየት። «ሌተንሲ» የሚባለው ይህ መለኪያ አንድ ጥቅል ስዊቹ ውስጥ ከገባበት እስከ ወጣበት ያለው ጊዜ ነው። እዚህ ላይ ሁለት አሠራሮች አሉ። አንደኛው ጥቅሉን በሙሉ ተቀብሎ ያስተላልፋል፤ ሌላው አድራሻውን እንዳነበበ ቀሪውን እየተቀበለ ያስተላልፋል። «ተቀብሎ» እና «እየተቀበለ» በሚሉት ሁለት የግሥ ቅርጾች አማርኛ ልዩነቱን ያለ ተጨማሪ ቃል ይገልጸዋል፤ ስለሆነም «ተቀብሎ አስተላላፊ» እና «እየተቀበለ አስተላላፊ» የሚሉት ስያሜዎች ይቀርባሉ። በ10 ጊጋቢት መስመር ላይ 1,500 ባይት ተቀብሎ ለመጨረስ 1.2 ማይክሮሴኮንድ ይፈጃል። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ አንድ ኪሎሜትር ለመጓዝ 5 ማይክሮሴኮንድ ያህል እንደሚወስድበት ከታወቀ፣ ትርፉ ለማን እንደሚጠቅም ግልጽ ይሆናል። በአንድ አዳራሽ ውስጥ እየተመላለሱ ለሚሠሩ ሰርቨሮች ይጠቅማል፤ 1,000 ኪሎሜትር መስመር ላለው አቅራቢ ግን ጉዞው ብቻ 5,000 ማይክሮሴኮንድ ስለሚፈጅ ልዩነቱ አይታወቀውም።

3. «የማያግድ» የሚለው ትርጉም

«ኖን ብሎኪንግ» የሚለው ቃል የመጣው ከስልክ ሥራ ነው። የቤል ላቦራቶሪ ባልደረባ የነበሩት ቻርልስ ክሎስ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተሙት ጥናት፣ ተደዋዩ መስመሩ ነፃ እስከሆነ ድረስ ደዋዩ በማገናኛው ውስጥ መንገድ የማያጣበትን አሠራር ቀምረዋል። በዛሬው ስዊችም ቃሉ የሚያመለክተው በሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ በሙሉ አቅማቸው ቢሠሩ በመሣሪያው ሆድ ውስጥ መጨናነቅ እንደማይፈጠር ነው።

ቃሉን «የማያግድ» ብሎ መመለስ በሰዋስው ረገድ እንከን የለውም፤ በትርጉም ግን ያሳስታል። በአማርኛ ማገድ ሆን ተብሎ የሚደረግ ክልከላ ነው፤ የፍርድ ቤት ዕግድ፣ የመንገድ ዕግድ እንላለን። «የማያግድ ስዊች» የሚል ቃለ ጉባኤ ያነበበ ኀላፊ ዕቃው የማይፈለግ ግንኙነት መከልከል የማይችል ነው ብሎ ቢረዳና ግዢውን ቢቃወም ጥፋቱ የተርጓሚው ነው። «ውስጣዊ መጨናነቅ የሌለው» ማለት ቃሉን ያስረዝማል እንጂ ሐሳቡን አያዛባም።

4. «ቋት» ወይስ «ማቆያ»?

ሁለት በሮች በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ሦስተኛ በር ሲልኩ፣ የተረፈው ጥቅል ተራው እስኪደርስ የሚቆይበት ቦታ «ባፈር» ይባላል። ቦታው ሲሞላ ጥቅሎች ይንጠባጠባሉ፤ ማለትም ይጠፋሉ። ለዚህ «ቋት» የሚለው ቃል ቀድሞ ይታሰባል፤ ሆኖም «የመረጃ ቋት» ለሌላ ጽንሰ ሐሳብ፣ ለዳታቤዝ፣ ስም ሆኖ ጸንቷል። ደግሞም ቋት እህል ወይም ዱቄት የሚጠራቀምበት ነው፤ የምንሰይመው ቦታ ግን ለማጠራቀም ሳይሆን ለአፍታ ለማሳረፍ የተሠራ ነው። ስለዚህ «ማቆያ» የተሻለ ነው።

ስለ ማቆያ መጠን ሊቃውንቱ ሲከራከሩ ኖረዋል። የቀድሞው ደንብ የመስመሩን አቅም በደርሶ መልስ ጊዜ ማባዛት ነበር። በ100 ጊጋቢት መስመር የደርሶ መልሱ ጊዜ 100 ሚሊሴኮንድ ቢሆን 1.25 ጊጋባይት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2004 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ግን ብዙ ግንኙነቶች በሚጋሩት መስመር ይህ ውጤት በግንኙነቶቹ ብዛት ስኩዌር ሩት ሊካፈል እንደሚችል አሳየ፤ 10,000 ግንኙነቶች ቢኖሩ 12.5 ሜጋባይት ይበቃል ማለት ነው። የማቆያ መትለቅ ሁልጊዜ ጥቅም አይደለም። 1.25 ጊጋባይት ማቆያ ሞልቶ ከሆነ የመጨረሻው ጥቅል አንድ አሥረኛ ሴኮንድ ይጠብቃል። ማቆያና መዘግየት የሚሳሳቡ በመሆናቸው፣ «ፍጥነት» የሚለው ቃል ሁለቱንም ከሸፈነ ክርክሩን በአማርኛ ማካሄድ አይቻልም።

5. ጥቂት ተጨማሪ ማሳሰቢያዎች

«ፖርት» አንዳንድ ጊዜ «ወደብ» ተብሎ ይተረጎማል። በላቲን ቋንቋ የመርከብ ማረፊያና በር ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ የመሣሪያው ቃል የሚዛመደው ከበር ጋር ነው። «በር» አጭርም ትክክልም ነው።

«ሪደንዳንት» የተባለውን የኃይል ምንጭ «ትርፍ» ማለት በጀት ቀናሹን መጋበዝ ነው፤ ትርፍ የሚባል ነገር ሁሉ ይቀነሳልና። ዋናው ሲበላሽ የሚተካ በመሆኑ «ተጠባባቂ» ይባል።

የአየር ፍሰትን «ከፊት ወደ ኋላ» ብሎ መተርጎም አይበቃም። ስዊቹ በሮቹ ወደ ሰርቨሮቹ ጀርባ እንዲዞሩ ሆኖ ከተተከለ የስዊቹ ፊት የመደርደሪያው ኋላ ይሆናል። «ከበሮቹ ወገን የሚስብ» ወይም «በበሮቹ ወገን የሚያስወጣ» ሲባል ግን ማንም አይሳሳትም። ይህ ተምታቶ የተገዛ ስዊች ከሰርቨሮቹ የወጣውን ሙቅ አየር ሲስብ ይኖራል።

6. ለሁለት ገዢዎች ሁለት ሚዛን

እንግዲህ ቃላቱ ከተለዩ ምርጫው ራሱ ይቀላል። የኢንተርኔት አቅራቢ መስመሩ ረጅም፣ የደንበኞቹም አቅም የተለያየ ስለሆነ በቅድሚያ የሚመዝነው የጥቅል ቁጥርን፣ የማቆያን መጠንና የአድራሻ ሰንጠረዥን ስፋት ነው። የዓለም የኢንተርኔት መንገዶች ዝርዝር በቀድሞው የአድራሻ ሥርዓት፣ በአይፒ 4፣ ብቻ ከ900 ሺህ በላይ መስመሮች ስላሉት፣ ሙሉውን መያዝ ያለበት መሣሪያ ለአዳራሽ ከተሠራው የተለየ መሆን አለበት። የዳታ ማዕከል ግን በቅድሚያ የሚመዝነው መዘግየትን፣ የአየር ፍሰትንና ወደ ሰርቨሮች በሚወርደውና ወደ ላይ በሚወጣው አቅም መካከል ያለውን ንጽጽር ነው። በምሳሌያችን ስዊች 48ቱ በሮች ለሰርቨሮች፣ 8ቱ ለላይኛው እርከን ቢውሉ ንጽጽሩ 1,200 ለ800፣ ማለት 3 ለ2 ይሆናል።

የቀረቡ ስያሜዎች

በር፡— ጥቅል የሚገባበትና የሚወጣበት የመሣሪያው አፍ።
የማስተላለፍ አቅም፡— በሴኮንድ የሚያልፍ የቢት ብዛት፤ አቅጣጫው ይጠቀሳል።
የጥቅል ቁጥር በሴኮንድ፡— አድራሻቸው ተነብቦ የሚተላለፉ ጥቅሎች ብዛት።
መዘግየት፡— ጥቅል ከመግባቱ እስከ መውጣቱ ያለው ጊዜ።
ማቆያ፡— ጥቅል ተራውን የሚጠብቅበት ቦታ።
መንጠባጠብ፡— ማቆያ ሲሞላ የጥቅል መጥፋት።
ውስጣዊ መጨናነቅ የሌለው፡— በሮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ በሙሉ አቅም የሚሠሩለት።
ተጠባባቂ፡— ዋናው ሲበላሽ የሚተካ ክፍል።

«ፍጥነት» የሚለው ቃል ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የሌለው ተረስቶ አይደለም። በዕለታዊ ንግግርና በማስታወቂያ ቦታው የተጠበቀ ነው። በውልና በቃለ ጉባኤ ግን አሃድ ያልተከተለው «ፍጥነት» በተገኘ ቁጥር፣ ተርጓሚው ብዕሩን አስቀምጦ «የምን?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።