የፎቶው ጎረቤት

በአንድ ጭብጥ ዙሪያ የሚዘጋጅ የፎቶግራፍ ዐውደ ርዕይ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ቃል አይፈጅም። ኪውሬተሩ አንድ ሐሳብ ይይዛል፣ ሐሳቡን የሚሸከሙለትን ፎቶዎች ይመርጣል፣ ጋለሪው ግድግዳ ላይ ይሰቅላቸዋል። ብዙ ተመልካች ግን ጭብጡን በር ላይ ከተለጠፈው ርዕስ ጋር ጥሎት ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱን ፎቶ ለብቻው፣ ያምራል አያምርም እያለ ያልፋል። የሚቆጨኝ ይህ ነው። ጭብጡ የሚኖረው በፎቶዎቹ መካከል ነውና፤ የትኛው ከየትኛው ጎን ተሰቀለ? የትኛው ገዝፎ ታተመ? የትኛውስ ብቻውን ጨለማ ክፍል ተሰጠው?

ለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው ኤድዋርድ ስታይከን በ1955 እ.ኤ.አ. በኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ያዘጋጀው «የሰው ልጅ ቤተሰብ» የተባለው ዐውደ ርዕይ ምስክር ይሆነኛል። ከ68 አገሮች የተሰበሰቡ፣ 273 ሰዎች ያነሷቸው 503 ፎቶዎች ነበሩበት፤ ከፍቅርና ከልደት እስከ ሥራ፣ ረኀብና ሞት ይዘልቃል። ዛሬ ሉክሰምበርግ ውስጥ በክለርቮ ግንብ በቋሚነት ይታያል። የኒውዮርኩን አደራደር የነደፈው አርክቴክቱ ፖል ሩዶልፍ ፎቶዎቹን ከፍሬም አላቀቃቸው። የጃፓን፣ የሲሲሊ፣ የቤቹዋናላንድና የአሜሪካ ቤተሰቦች በአንድ ክፍል መካከል ከጣሪያ ተንጠለጠሉ። እጅ ለእጅ ተያይዘው ክብ ሠርተው የሚጫወቱ ልጆች በክብ ማቆሚያ ላይ ስለተደረደሩ፣ ሊያያቸው የመጣ ሰው ራሱ መዞር ግድ ሆነበት።

ከሁሉ የምወደው ግን ዋሽንት የሚነፋውን የፔሩ ልጅ ነው። ዩጂን ሃሪስ ያነሳው ይህ ፎቶ በዐውደ ርዕዩ ውስጥ በተለያየ ቦታ እየተመላለሰ ይመጣል። ልክ እንደ ዘፈን አዝማች ነው፤ ስንኙ በተለወጠ ቁጥር አዝማቹም ሌላ ስሜት ይዞ ይመለሳል። ከደስታ ቀጥሎ ያየነው ፈገግታ ከሐዘን ቀጥሎ ስናገኘው መጽናኛ ይሆናል። በፎቶው ላይ አንዲት ነጥብ አልተቀየረችም፤ የተቀየረው ጎረቤቱ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ጋለሪ፣ አንድ ፎቶ ሆን ተብሎ ሁለት ቦታ በተሰቀለበት ዐውደ ርዕይ ላይ፣ አንድ ወጣት አስተናጋጇን ጠርቶ «ይሄ ተደግሟል፣ ተሳስታችኋል» ሲላት ሰምቻለሁ። «ወንድሜ፣ እስቲ ከበሩ ጀምረህ እየው» አለችው። ለካ የገባው በመውጫው በኩል ኖሯል! እንዲህ ያለ ተመልካች ብዙ ነው። ጀርባውን ለፎቶው ሰጥቶ ራሱን በስልክ የሚያነሳውማ አይነሳ። ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ በ2010 እ.ኤ.አ. አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶ ፌስቲቫል ከመሠረተች ወዲህ የዓለም ፎቶ ደጃችን ድረስ መጥቷል፤ ቢያንስ ከመግቢያው ጀምረን እንየው እንጂ።

አደራደሩ ይህን ያህል ኃይል ካለው፣ አዘጋጁም ሊጠየቅበት ይገባል። ስታይከን መጀመሪያ ላይ፣ በ1937 እ.ኤ.አ. ሚሲሲፒ ውስጥ ነጮች ተሰብስበው በጭካኔ የገደሉትን ጥቁር ሰው ፎቶ አካቶ ነበር። ተመልካቹ እዚያ ላይ ቆሞ ስለሚቀር፣ የዐውደ ርዕዩ ፍሰት ተቋረጠ ተብሎ ብዙም ሳይቆይ ወረደ። ዐውደ ርዕዩ ፓሪስ ሲደርስ ፈረንሳዊው ሃያሲ ሮላን ባርት፣ ልደትና ሞትን የሁሉ ሰው ዕጣ አድርጎ ማሳየት ማን እንዴት እንደተወለደና በማን እጅ እንደሞተ ይሸፍናል ሲል ተቸ፤ በ1955 እ.ኤ.አ. እዚያው ሚሲሲፒ ውስጥ ነጮች የገደሉትን ታዳጊ የኤሜት ቲልን ወላጆችም ጠይቋቸው አለ። ይህን ዐውደ ርዕይ ብወደውም በዚህ ከባርት ጋር ነኝ። ተመልካች እግሩን ተክሎ የቆመበት ፎቶ መቆየት ነበረበት፤ መስተካከል የነበረበት በዙሪያው ያለው አደራደር ነው።