የባልቲሞር ቡድን ሥራ አስኪያጅ የምርጫ መዝገብ በምን ይመዘን?

በአሜሪካ አገር እግር ኳስ የሚባለው ጨዋታ፣ ምንም ስሙ እንዲህ ቢሆን፣ ሞላላ ኳስ በእጅ እየተያዘና እየተወረወረ የሚካሄድ ነው። ይህን ጨዋታ በሙያ የሚጫወቱት 32 ቡድኖች ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡትን ወጣቶች በየዓመቱ በሰባት ዙር በተራ ይመርጣሉ፤ ምርጫውም ድራፍት ይባላል። ባለፈው ውድድር መጨረሻ የሆነው ቡድን ቀድሞ ይመርጣል፤ አሸናፊው የዙሩን ፍጻሜ ይጠብቃል። አንድ ቡድን የመረጠውን ወጣት ሌላው ሊዋዋለው አይችልም፤ የመምረጡ ተራ ግን እንደ ማናቸውም ሸቀጥ ይለወጣል። ይህ ሁሉ ኀላፊነት የሚወድቀው በክለቡ ዋና ሥራ አስኪያጅ ላይ ነው። የተመረጡት ልጆች ዋጋ ግን የሚታወቀው ከብዙ ጊዜ በኋላ ስለ ሆነ፣ የሥራ አስኪያጁን ሥራ መመዘን እጅግ ያስቸግራል።

በዚህ ሥራ ስማቸው በበጎ ከሚነሣው አንዱ ሚስተር ኦዚ ኒውሰም ናቸው። እኚህ ሰው ከ1978 እስከ 1990 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) ለክሊቭላንድ ተጫውተዋል። በ1996 ክለቡ ወደ ባልቲሞር ተዛውሮ ሬቨንስ ሲባል የተጫዋቾች ምርጫ ኀላፊነት ተሰጣቸው፤ በ2002 የዋና ሥራ አስኪያጅነትን ማዕረግ ሲያገኙም በዚያ ሊግ ማዕረጉን የያዙ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆኑ። ክለባቸው በ2000 እና በ2012 የውድድር ዘመን የሻምፒዮንነቱን ዋንጫ ወስዷል። ዋንጫው ግን የመዝገቡ ድምር እንጂ ዝርዝሩ አይደለም።

ዝርዝሩ የሚጀምረው በ1996 ነው። አራተኛው ተራ ሲደርስ ሎረንስ ፊሊፕስ የተባለው ኳስ ይዞ የሚሮጥ ወጣት እንዲመረጥ በክለቡ ውስጥ የሚገፋፉ ነበሩ። ሚስተር ኒውሰም ግን በቦታው ሌላ ሰው እያለ ኳርተርባኩን ከፊት መስመር ሆኖ የሚከላከለውን ጆናታን ኦግደንን መረጡ። ምክንያታቸው በዝርዝራቸው ላይ ከቀሩት ሁሉ የሚበልጠው እርሱ በመሆኑ ነበር። ኦግደን በ2013 በጨዋታው የክብር አዳራሽ ስሙ ተመዘገበ፤ ፊሊፕስ የመረጠው ቡድን ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላው አሰናበተው።

በዚያው ቀን በ26ኛው ተራ ሬይ ሉዊስ ተመረጠ፤ እርሱም በክለቡ ታሪክ ታላቅ ከሚባሉት ተከላካዮች አንዱ ሆነ። ነገር ግን ያ 26ኛ ተራ ከየት መጣ? በ1995 ክለቡ ገና በክሊቭላንድ ሳለ፣ በጊዜው አሠልጣኝ የነበሩት ሚስተር ቢል ቤሊችክ አሥረኛውን ተራ ለሳን ፍራንሲስኮ ቡድን ሰጥተው፣ በምትኩ ካገኟቸው ተራዎች አንዱ ይህ የቀጣዩ ዓመት ተራ ነበር። ሚስተር ቤሊችክ የዘሩትን ሳያጭዱ ከሥራ ተሰናበቱ። ልጁን መለየቱ የተረካቢው ሙያ ነው፤ ተራውን ማግኘቱ ግን አይደለም። መዝገብ ሁልጊዜ የሚጻፈው በተረካቢው ስም መሆኑ ለብዙ ሹማምንት የታወቀ ነገር ነው።

የ2003 ጉዳይ ከዚህም ይበልጥ ያስገርማል። ሚስተር ኒውሰም ባይረን ሌፍትዊች የተባለውን ኳርተርባክ ለማግኘት ሰባተኛውን ተራ ከሚኔሶታ ቡድን ለመለወጥ ተነጋግረው ነበር፤ ሆኖም ልውውጡ በተወሰነው ደቂቃ ውስጥ ለሊጉ ሳይረጋገጥ ስለ ቀረ ጃክሰንቪል ቀድሞ ሌፍትዊችን ወሰደ። ባልቲሞር በራሱ አሥረኛ ተራ ቴሬል ሰግስን መረጠ። ይህ ወጣት በክለቡ 16 የውድድር ዘመን ቆይቶ ኳርተርባክን ከነኳሱ በመጣል የክለቡን ክብረ ወሰን ያዘ። እንግዲህ ውሉ ቢፈጸም ኖሮ ሰግስ አይገኝም ነበር፤ ይህን ትርፍ በጥበብ መዝገብ የሚጽፍ ሰው የሒሳብ አያያዝ አያውቅም። በዚያው ቀን የዓመቱን ሁለተኛ ዙርና የ2004ን የመጀመሪያ ዙር ተራቸውን ለኒው ኢንግላንድ ሰጥተው በ19ኛው ተራ ኳርተርባክ ካይል ቦለርን አመጡ። ቦለር የታሰበውን ያህል አልሆነም፤ በ2008 በጆ ፍላኮ ተተካ።

የተወረወረ ኳስ በሚቀበሉ ተጫዋቾችም ብዙ ጊዜ አልቀናቸውም። በ2000 ትራቪስ ቴይለር፣ በ2005 ማርክ ክሌይተን፣ በ2015 ብሬሻድ ፔሪማን ሁሉም በመጀመሪያው ዙር ተመርጠው በአንድ የውድድር ዘመን እንኳ 1,000 ያርድ የደረሰ አልተገኘባቸውም።

ኬድ ማሲና ሪቻርድ ቴለር የተባሉ ሊቃውንት በ2013 ባሳተሙት ጥናት እንደ ገለጹት፣ በአንድ ቦታ ከሚጫወቱ ሁለት ተከታታይ ምርጫዎች ፊተኛው ከኋለኛው የመብለጡ ዕድል ከመቶ 52 ገደማ ብቻ ነው። ይህም ከሳንቲም ውርወራ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ፔሪማን አለመሳካቱ ሚስተር ኒውሰምን ብዙ አያስወቅሳቸውም፤ አንድ ተራ ከፍለው አንድ ዕድል ሞከሩ፤ ዕድሉም ሳይቀና ቀረ። ቦለር ግን ያስወቅሳል፤ ይኸውም ልጁ ስላልበረታ ሳይሆን ለአንድ ያልተረጋገጠ ዕድል ሁለት ውድ ተራ ስለ ተከፈለ ነው። ነጋዴ ያልተፈተነ ዕቃ በሁለት እጥፍ ዋጋ ቢገዛ፣ ዕቃው ቢያተርፈው እንኳ አገዛዙ ጥሩ ነበር አይባልም።

በሌላ ወገን ዘወትር ያደርጉት የነበረው የዚህ ተቃራኒ ነው። ውላቸውን የጨረሱ ተጫዋቾች ወደ ሌላ ቡድን ሲሄዱበት ሊጉ ለተጎዳው ክለብ ተጨማሪ ተራ በምትክ ይሰጠዋል፤ ባልቲሞር በሚስተር ኒውሰም ዘመን ይህን ካሳ በብዛት ከሰበሰቡት ክለቦች በግንባር ቀደምትነት የሚቈጠር ነበር። የሙከራውን ቍጥር ማብዛት ዓይን ያለውንም የሌለውንም ይረዳል። እንግዲህ በመዝገቡ ውስጥ ከዕድል ነፃ የሆነው ሙያ ምናልባት ይኸው ነው።

የመጨረሻ ምርጫቸው በ2018 ተደረገ። 16ኛ ተራ ነበራቸው፤ ወደ 22ኛ፣ ከዚያም ወደ 25ኛ ወርደው በየልውውጡ ተጨማሪ ተራ ካገኙ በኋላ ሄይደን ኸርስትን መረጡ። ላማር ጃክሰን የተባለው ኳርተርባክ ግን እስከዚያ ድረስ ሳይመረጥ ቆይቶ ነበር፤ አራት ሌሎች ኳርተርባኮችም ተቀድመው ተወስደዋል። ሚስተር ኒውሰም ከፊላደልፊያ ቡድን 32ኛውን ተራ ለውጠው ጃክሰንን አገኙ። በመጀመሪያው ዙር የተመረጠ ተጫዋች ክለቡ ቢፈልግ ውሉ ለአምስተኛ ዓመት ሊራዘም ስለሚችል የዙሩ የመጨረሻ ተራ ትርፍ ነበረው። እርግጥ በ25ኛው ተራ አልፈውታል፤ ከሌሎቹም ቡድኖች አንዱ እንኳ አልወሰደውም። ኸርስት በ2020 ወደ አትላንታ ተለወጠ።

የ2018 ውድድር ሲያበቃ ሚስተር ኒውሰም ሥራውን ከ1996 ጀምሮ በክለቡ ላገለገሉት ለሚስተር ኤሪክ ዲኮስታ አስረከቡ። ጃክሰን በ2019 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተባለ፤ በ2023ም ደገመው። ሁለቱም ሽልማቶች የመጡት በተረካቢው ዘመን ነው።