አዲሷ ድመት እና የቤቱ ነባሮች

በራያ ቆቦ ማሽላው ተወቅቶ ጎተራ በገባ ሰሞን ድመት ፈላጊ ይበዛል። ማሳው ሲራቆት አይጡ ወደ ቤት ይዞራልና። ጥሩ አዳኝ ናት የተባለች ድመት ከወለደች ግልገሎቿ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ለጎረቤት ቃል ይገባባቸዋል። ጣጣው የሚመጣው አዲሷ የምትሄድበት ቤት ቀድሞውኑ ድመት ካለው ነው። ከጆንያ ትፈታና ቤቱ መሐል ትለቀቃለች፤ ነባሮቹ ጸጉራቸውን አቁመው ያጓሩባታል፤ እሷም በር አግኝታ ትፈተለካለች። በማግሥቱ "ጠፋች" ይባላል። እውነቱን ለመናገር ተባርራ ነው።

የቤት ድመት ዘሯ ከአፍሪካ የዱር ድመት ነው። ይህ አውሬ ዛሬም በአገራችን ይኖራል፤ ብቻውን ያድናል፣ ብቻውን ይበላል፣ ወሰኑን ያስከብራል። ሰው እህል ማከማቸት ሲጀምር አይጥ ጎተራውን፣ ድመት አይጡን ተከትለው መጡ። በቆጵሮስ ደሴት 9,500 ዓመት ገደማ ባስቆጠረ መቃብር ሰውና ድመት ጎን ለጎን ተቀብረው ተገኝተዋል። ያን ያህል ዘመን ከሰው ጋር ብትኖርም ባዕድ ድመት ወሰኗን ሲረግጥ ዛሬም አትወድም። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ዘመዳሞች ሲሆኑ ግን ነገሩ ይለያል። ምግብ በማይታጣበት ቦታ እናትና ሴት ልጆቿ፣ እህትማማቾችም ተስማምተው ይኖራሉ፤ አንዷ የሌላዋን ግልገል እስከ ማጥባት ይደርሳሉ። በእኛ አካባቢ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ድመት ካለ አብዛኛውን ጊዜ እናትና ልጆች ናቸው። ስለዚህ አዲሷ የምትገባው ተዋልዶ በኖረ ቤተሰብ መካከል ነው። እነዚህ ድመቶች ደግሞ የሚተዋወቁት ከመልክ ይልቅ በጠረን ነው። ጉንጫቸውን፣ አገጫቸውንና ጎናቸውን እርስ በርስም፣ ከበሩ መቃን ጋርም ሲያሻሹ የቤቱን የጋራ ጠረን እያደሱ ነው። አዲሷ ያ ጠረን የላትም። ከዓይን በፊት አፍንጫ ይተዋወቅ የሚባለው ለዚህ ነው።

እናም አዲሷን ለመጀመሪያዎቹ ቀናት በር ባለው ጓዳ ወይም ዕቃ ቤት ለብቻዋ ያስቀምጧት። መደበቂያ ካርቶን፣ ውኃ፣ ምግብ፣ እንዲሁም ለመጸዳጃዋ ጎኑ በተቀደደ ጀሪካን አሸዋ ይግባላት። የጎሊና ወንዝ አሸዋ ለዚህ ጥሩ ነው። ቆላ መሆናችን ግን አይረሳ፤ በቀትር ፀሐይ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ጠባብ ክፍል ይፋጃልና አየር የማይገባበት ቦታ አይዘጋባት። ድመትን ዘግታ፣ ሳታበላት፣ ወጥታም ፈልጋ እንዳትበላ ከልክላ ስለገደለቻት ሴት ቅጣት የሚናገረውን ሐዲስ በራያ ሙስሊም ቤቶች ብዙ ሰው ያውቀዋል። መዝጋት የሚፈቀደው ከነቀለቡ ነው።

እዚያ እያለች ጨርቅ ወስደው ጉንጯንና አገጯን ይሹ፤ ጨርቁን ነባሮቹ ከሚበሉበት አጠገብ ይጣሉት። የእነሱንም እንዲሁ አድርገው ለእሷ ያስገቡላት። መጀመሪያ አሽትተው እፍ ቢሉ ምንም አይደል። ጨርቁን ረግጠው ማለፍ ሲጀምሩ ቀጣዩ ሥራ ምግብ ነው፦ ነባሮቹን ከበሩ ውጪ፣ እሷን ከበሩ ውስጥ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ያብሏቸው። ሳህኖቹን በየቀኑ ወደ በሩ ጥቂት ያስጠጉ። አንዷ ምግቧን ትታ በሩ ላይ ካፈጠጠች ፈጥነዋልና መለስ ያድርጉት። ተረጋግተው ከበሉ በሩን በገመድ አስረው አንድ ጣት በምታስገባ ክፍተት ይተያዩ። ፊት ለፊት የሚገናኙት ከዚያ በኋላ፣ ለአጭር ጊዜ፣ ሰው ባለበትና ሁሉም በጠገቡ ሰዓት ነው። ይህ ሁሉ አንዳንዴ በአንድ ሳምንት ያልቃል፣ አንዳንዴ ወር ይፈጃል።

አቅፎ ማስተዋወቅ የሚባለው ልማድ ግን ይቅር። የደነገጠች ድመት የምትቧጥጠው የቀረባትን ነው፤ የቀረባትም ያቀፋት ሰው ነው። ቢጣሉም እጅ አያስገቡ፤ ያጨብጭቡ ወይም መሐላቸው ነጠላ ይወርውሩ። ድመት ነክሳ ወይም ቧጥጣ ካቆሰለች ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል አጥበው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታን በብዛት የሚያስተላልፈው ውሻ ቢሆንም ድመትም ታስተላልፋለች። ከየት እንደመጣች የማትታወቅን ድመት ከነባሮቹ ከማቀላቀል በፊት ለእንስሳት ሐኪም ማሳየትና ማስከተብ የሚያዋጣው ለዚህም ነው።

ምርጫ ካለዎት ግልገል ይውሰዱ፤ ነባሮቹ ከጎልማሳ ይልቅ ግልገልን ይታገሣሉ። ነገር ግን ከእናቷ በስምንት ሳምንት ውስጥ አትነጠል። እናት መጀመሪያ የሞተ፣ ቀጥሎ በሕይወት ያለ አይጥ እያመጣች ነው አደን የምታስተምረው፤ ቀድማ የተነጠለች ግልገል አዳኝነቱም፣ ከሌሎች ድመቶች ጋር መኖሩም ይቸግራታል። ከሁሉ አስቸጋሪው ያልተኮላሸ ጎልማሳ ወንድ ነው።

ጠብ የሚያባብሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሳህን እጥረት ነው። አንድ ትሪ አቅርቦ "ተካፍላችሁ ብሉ" ማለት ለእኛ ደስ የሚል ወግ ነው፤ ለድመት ጭንቅ ነው። ለእያንዳንዷ የራሷ ሳህን ይኑራት፣ ሳህኖቹም ይራራቁ። ውኃ በሁለት ቦታ ይቀመጥ። የአይጥ መርዝ በቤት ካለ አዲሷ ከመግባቷ በፊት ይወገድ፤ መርዝ የበላውን አይጥ የበላች ድመት ልትሞት ትችላለች።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የማይዋደዱ ይኖራሉ። አንዷ ሌሊት ጎተራው ዘንድ፣ ሌላዋ ቀን ግቢ ውስጥ ሆነው በሰዓት የሚፈራረቁ ድመቶች ተስማምተዋል ማለት ነው፤ አብረው እንዲተኙ አያስገድዷቸው። አንዷ ከተደበቀችበት ወጥታ መብላት ካቆመች ወይም በየቀኑ የምትቆስል ከሆነ ግን አዲሷን ወደ ጓዳው መልሰው ከጨርቁ ይጀምሩ። ያም ካልሠራ ድመት ለሌለው ጎረቤት ይስጧት፤ በማሽላ ሰሞን ተቀባይ አይጠፋም።