ብየዳው ሳይሆን ጎኑ የሚሰበረው ለምንድን ነው?

የእርሻ ወቅት ሲቃረብ በየከተማው ብየዳ ቤቶች ደጃፍ የተበላ ማረሻና የተሰነጠቀ የጋሪ ብረት ተደርድሮ ማየት የተለመደ ነው። በቤተሰባችንም በአንድ ክረምት የሆነውን አስታውሳለሁ። ከመኪና ባሌስትራ የተሠራው ማረሻችን ተበይዶ በመጣ በሦስተኛው ቀን ዳግም ተሰበረ፤ አባቴ የጤፍ ማሳውን አርሶ የጨረሰው ከጎረቤት ማረሻ ተውሶ ነው። ስብራቱን ስንመለከት ብየዳው ደኅና ነበር። የተሰበረው ከብየዳው መስመር ጥቂት ሚሊ ሜትር ፈቀቅ ብሎ የሚገኘው፣ እሳቱ ያላቀለጠው ብረት ነበር። ጥፋቱ በኤሌክትሮዱ ተሳበበ። መጠየቅ የነበረበት ግን ሙቀቱ በምን ያህል ፍጥነት ከብረቱ እንደወጣ ነው።

ብረት የሚቀልጠው በ1 ሺህ 500 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው። በብየዳው ግራና ቀኝ ያለው ብረት እስከዚያ ባይደርስም ይግላል። የቀረው አካል ቀዝቃዛ በመሆኑም ሙቀቱን ወዲያው ይስበዋል። ቀጥቃጭ የጋለ ማጭድን ውኃ ውስጥ ሲነክር ስለቱ እንደሚጠነክር ሁሉ፣ እዚህም ቀዝቃዛው ብረት የውኃውን ሥራ ይሠራል። ባሌስትራ ካርቦኑ ከፍ ያለ ብረት ነው፤ ከ800 ወደ 500 ዲግሪ በጥድፊያ ከወረደ እጅግ ጠንካራ፣ ነገር ግን እንደ መስታወት ተሰባሪ ይሆናል።

ይህን ፍጥነት ማስላት አስቸጋሪ የነበረው እሳቱ በአንድ ቦታ ስለማይቆም ነው። የበያጁ እጅ በተንቀሳቀሰ ቁጥር በብረቱ ላይ ያለው የእያንዳንዱ ነጥብ ሙቀት ይለዋወጣል። ዳንኤል ሮዘንታል የተባለ ተመራማሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1941 ባሳተመው ጥናት ነገሩን ከብረቱ ሳይሆን ከእሳቱ ጋር አብሮ እየተጓዘ ተመለከተው።

በጣና ላይ በእኩል ፍጥነት የሚሄድ ጀልባን እናስብ። ዳር ለቆመ ሰው ማዕበሉ ይመጣል፣ ያልፋል። ጀልባው ውስጥ ለተቀመጠ ግን የማዕበሉ ቅርጽ አይለወጥም። የብየዳ ሙቀትም ከእሳቱ ጋር ለሚጓዝ ቅርጹ አንድ ነው፤ ከፊት አጭርና የተጨመቀ፣ ከኋላ እንደ ጅራት የረዘመ። እጅ ሲፈጥን ጅራቱ ይቀጥናል።

120 አምፔር በ25 ቮልት 3 ሺህ ዋት ይሰጣል። ከዚህ 80 በመቶው ብረቱ ውስጥ ገባ ብንልና እጅ በሴኮንድ 3 ሚሊ ሜትር ቢጓዝ፣ እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 800 ጁል ሙቀት ይደርሰዋል። በያጁ ፍጥነቱን በእጥፍ ቢጨምር 400 ብቻ ይሆናል፤ በስሌቱ መሠረት ወፍራም ብረትም በእጥፍ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። ከዚህ የበለጠ ጉልበት ያለው ግን የብረቱ የመነሻ ሙቀት ነው። ብረቱ 550 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ከ20 ዲግሪ መነሻው ጋር ያለው ልዩነት 530 ነው፤ አስቀድሞ እስከ 250 ዲግሪ ከሞቀ ግን ልዩነቱ 300 ይሆናል። ቀመሩ ልዩነቱን በራሱ ስለሚያባዛው አስቀድሞ የሞቀው ብረት የሚቀዘቅዝበት ፍጥነት ወደ ሲሶ ይወርዳል። ሲሶ! ለጥቂት ደቂቃ የከሰል እሳት ይህ ትልቅ ትርፍ ነው።

የሮዘንታል ስሌት እሳቱን እንደ አንዲት ነጥብ ስለሚቆጥረው ከእሳቱ አጠገብ ያለውን ሙቀት በትክክል አያሳይም። ካናዳዊው ጆን ጎልዳክና ባልደረቦቹ በ1984 እሳቱን ከፊት አጠር፣ ከኋላ ዘለግ ባለ የእንቁላል ቅርጽ የሚወክል ቀመር አቀረቡ፤ ዛሬም ኮምፒውተሮች ይጠቀሙበታል።

ለብየዳ ቤት ይህ ሁሉ ስሌት አያስፈልገውም። ለበር የሚሆን ላሜራና አንግል ብረት ካርቦኑ ዝቅተኛ ስለሆነ ማሞቅ ብዙም አያሻውም። ባሌስትራ ግን የግድ ይሻል። በያጁ ብረቱን በሞረድ አጽድቶ ሲያሞቀው የጸዳው ቦታ ወደ ገለባ መሰል ቢጫ ከተለወጠ ሙቀቱ 230 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል፤ ቡናማ ሲሆን ወደ 250 ተጠግቷል። ኤሌክትሮዱም ደረቅ መሆን አለበት፤ እርጥበት የያዘ ኤሌክትሮድ ስንጥቅን ያባብሳል።

ሥራው እንዳለቀ ደንበኛ ቸኩሏል ብሎ ውኃ ማፍሰስ ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው። ማረሻው በደረቅ አመድ ተቀብሮ በእጅ እስኪያዝ ድረስ ይቆይ፤ በገበያ ቀን ያመጣ አርሶ አደርም ብረቱ ከባሌስትራ የተሠራ መሆኑን አስቀድሞ ተናግሮ፣ ጉዳዩን ጨርሶ ሲመለስ ቢወስደው ይሻላል።