ቪዲዮና የፈረስ ሥልጠና፦ ካሜራው ከፈረሱ ይልቅ ፈረሰኛውን ያጋልጣል

የድሮ አውሮፓውያን ሠዓሊዎች ሽምጥ የሚጋልብ ፈረስ ሲሥሉ የፊት እግሮቹን ወደ ፊት፣ የኋላዎቹን ወደ ኋላ ዘርግተው አየር ላይ ያንሳፍፉት ነበር። በ1878 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኤድዋርድ ማይብሪጅ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓሎ አልቶ በሚገኘው የባለሀብቱ የሊላንድ ስታንፎርድ የፈረስ እርባታ፣ በመሮጫው ዳር ካሜራ ደርድሮ ክር ዘረጋ። ፈረሷ እየሮጠች ክሩን በነካች ቁጥር አንዱ ካሜራ ያነሣታል። ፎቶዎቹ ሲታጠቡ አራቱም ኮቴዎች ከመሬት የሚለቁበት ቅጽበት መኖሩ ተረጋገጠ፤ እግሮቹ ግን በዚያ ቅጽበት ከሆድ ሥር ተሰብስበው ነው የተገኙት። ሺህ ዓመታት ፈረስ ሲጋልብ የኖረ ሰው ይህን አላየም ነበር።

ዛሬ ያ መሣሪያ በየኪሳችን ገብቷል። የተለመደው የስልክ ቪዲዮ በሰከንድ 30 ምስል ያነሣል፤ ብዙ ስልኮች ደግሞ በዝግታ ቀረጻ 240 ይደርሳሉ። ሶምሶማ የሚረግጥ ፈረስ አንዱን ሙሉ ዙር እርምጃ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ስለሚጨርስ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የትኛው ኮቴ ቀድሞ እንዳረፈ በመጀመሪያው ይገመታል፣ በሁለተኛው ይታያል።

ለዕለት ተዕለት ሥልጠና ግን ትልቁ ጥቅም፣ በእኔ ግምት፣ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ፈረስ በአብዛኛው የሚገራው በመጫንና በመልቀቅ ነው፦ ዛቡ ይያዛል፣ ፈረሱ የተፈለገውን ሲያደርግ ይለቀቃል፤ የሚያስተምረውም መልቀቁ ነው። ወደ ኋላ መራመድ የሚማር ፈረስ እንውሰድ። ዛቡ ሲጠብቅበት በመጀመሪያ ክብደቱን ወደ ኋላ ይጥላል፣ ቀጥሎ አንድ እግሩን ያነሣል። እጅ መላላት ያለበት እዚህ ላይ ነው። ገሪው ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይና ፈረሱ በዚያ መሃል አንገቱን ሽቅብ ቢወረውር፣ ዛቡ የላላለት አንገቱን ስለወረወረ ይመስለዋል፤ የሚለምደውም እሱኑ ነው። ሲውል ሲያድር «ይህ ፈረስ እልከኛ ነው» ይባላል። ቀረጻው በዝግታ ሲታይ ጥፋቱ ገሪው እጅ ላይ ይገኛል።

ሰው አካሉ የሚያስተላልፈውን ምልክት ራሱ ልብ እንደማይለው በርሊን ላይ ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። «ብልሁ ሃንስ» የተባለው ፈረስ የሒሳብ ጥያቄ መሬቱን በኮቴው እየመታ ይመልስ ነበር። ኦስካር ፕፉንግስት በ1907 ባወጣው ምርመራ ምስጢሩን ገለጸው፦ ምቱ ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ጠያቂው ሳያስበው ራሱን በጥቂቱ ቀና ያደርጋል፣ ፈረሱም ይህን አይቶ ያቆማል። ባለቤቱ ቪልሄልም ፎን ኦስተን አታላይ አልነበረም፤ ራሱም አያውቅም ነበር። የዛሬውም ፈረሰኛ በእግሩ «ሂድ» እያለ በእጁ «ቁም» እንደሚል ብዙ ጊዜ አይታወቀውም። አሠልጣኝ ቢነግረው ይከራከራል፤ ቪዲዮውን ሲያይ ግን ዝም ይላል።

ሌላው ሰፊ መስክ ሕመምን መለየት ነው። በ2010 በታተመ ጥናት ልምድ ያላቸው የፈረስ ሐኪሞች፣ ማነከሱ ጎላ ሲል አንድ እግር ታሟል ወይስ አልታመመም በሚለው 93 በመቶ ተስማምተዋል፤ ማነከሱ ሲቀል ስምምነታቸው ወደ 62 በመቶ ወርዷል። የባለሙያ ዐይን እንኳ ይህን ያህል ከተለያየ፣ ደጋግሞ ማየት ይረዳል። ፈረሱ በጠንካራ መሬት ላይ ቀጥ ባለ መስመር በሶምሶማ እየተሳበ ከፊት፣ ከኋላና ከጎን ይቀረጻል። የፊት እግሩን የሚያመው ፈረስ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ራሱን ከፍ፣ ጤነኛው ሲያርፍ ዝቅ ያደርጋል። እንግሊዛዊቷ የፈረስ ሐኪም ሱ ዳይሰን ከባልደረቦቿ ጋር ባዘጋጀችው መመዘኛ ደግሞ ሰው የተቀመጠበት ፈረስ የሚያሳያቸው 24 ጠባዮች ተዘርዝረዋል፦ ጆሮን ለአምስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ወደ ኋላ ማጋደም፣ አፍ መክፈት፣ ጅራት ማወናጨፍና የመሳሰሉት። 8 ወይም ከዚያ በላይ ከታዩ የጡንቻ ወይም የአጥንት ሕመም መጠርጠር አለበት። ጠባይ እየተባለ በአለንጋ የሚቀጣው ስንቱ ሕመም ይሆን?

ቴክኖሎጂውም እየተራቀቀ ነው። ፒቮን የመሳሰሉ መያዣዎች ስልኩን ፈረሰኛውን እያስከተሉ ያዞራሉ፤ ስሊፕ የተባለው የስዊድን መተግበሪያም ከስልክ ቪዲዮ የእርምጃን አለመመጣጠን ይለካል። ይሁንና ለጀማሪ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። ስልኩን አግድም አድርጎ በፈረሱ ደረት ከፍታ አጥር ላይ ማሰር ይበቃል። ዋናው ነገር ሳያቋርጡ መቅረጽ ነው፤ ብዙ የሚያስተምረው ኮርቻ ሲጫንና ማሰሪያው ሲጠብቅ የሚታየው ሆኖ ሳለ፣ ሰው የሚቀርጸው ግልቢያውን ብቻ ነው። ቪዲዮ የማያሳየውም አለ፦ ዛቡ ምን ያህል እንደከበደ ምስሉ አይናገርም፤ በሰያፍ የተቀረጸም ቀጥ ብሎ የተቀመጠውን ያጋደለ ያስመስለዋል።

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ጉግሱንና ሽምጥ ግልቢያውን የሚቀርጸው ስልክ ብዙ ነው። ፈረሰኞቹ የልምምዱንም ቀን ያስቀርጹ፤ ማታ ከአባቶች ጋር ተቀምጠው ይዩት። በመጀመሪያው ዙር የፈረሱን ጆሮ ብቻ፣ በሁለተኛው የራሳቸውን እጅ ብቻ ይመልከቱ።