የሲጌሪክ መንገድ

በአውሮፓ ስላለ የእግር ጉዞና ስለ ተሳላሚ ከተነሳ ወሬው ሁሉ የስፔኑ ሳንቲያጎ ነው። ቪያ ፍራንቺጄናን የሚያህል መንገድ እያለ ሰው ሁሉ እዚያ መጨናነቁ ያሳዝነኛል።

መንገዱ ከእንግሊዟ ካንተርበሪ ይነሳል፤ ባሕሩን ተሻግሮ በፈረንሳይ በሬምስና በብዛንሶን፣ በስዊዘርላንድ በሎዛን፣ በጣሊያን በሉካና በሲዬና አድርጎ ሮም ይገባል። ርዝመቱ 2,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ሲጌሪክ እ.ኤ.አ. በ990 ሮም የወረደው፣ ሊቃነ ጳጳሳት በትከሻቸው የሚደርቡትን ፓሊየም የሚባል የሱፍ ልብስ ከጳጳሱ ከዮሐንስ 15ኛ ለመቀበል ነበር። የጉዞው ማስታወሻ ግልባጭ ዛሬም ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል። በሮም የተሳለማቸውን 23 አብያተ ክርስቲያናት ይቆጥራል፤ ከጳጳሱ ጋር ማዕድ መቅረቡን ያነሳል፤ ከዚያ 80 ያህል ማደሪያዎችን በተራ ቁጥር ይደረድራል። አንደኛ ሮም ይልና ሱትሪ፣ ቦልሴና፣ አኳፔንደንቴ እያለ ይቀጥላል። ስለ ዝናቡም ሆነ ስለ ሽፍታው አንዲት ቃል የለበትም።

ብዙ የጉዞ መጽሐፍ «ሲጌሪክ ወደ ሮም የሄደበትን ተከተሉ» ይላል። ጸሐፊዎቹ ዝርዝሩን ቢያዩት ኖሮ ይህን ባልጻፉ ነበር። ከሮም ጀምሮ እንግሊዝ ፊት ለፊት ባለው የፈረንሳይ ባሕር ዳር የሚያበቃ የመመለሻ መንገድ ነው፤ ሲሄድ በየት በኩል እንዳለፈ ማስታወሻው አይናገርም። ለዚያ ዘመን ተሳላሚ ሮም መድረስ የጉዞው እኩሌታ ነበር። የዛሬው ተጓዥ በጴጥሮስ አደባባይ ፎቶ ይነሳና በማግስቱ አውሮፕላን ይሳፈራል። እኔ ከሱትሪ ወደ ቦልሴና፣ ፊቴን ወደ ሰሜን አዙሬ ተጉዣለሁ። ምልክቶቹ በአብዛኛው ወደ ሮም ለሚሄድ የተሳሉ ስለሆኑ በየመገንጠያው ቆሞ ወደ ኋላ መመልከት ግድ ነው። መንገድ ላይ የማገኛቸው ሰዎች በቅንነት «ሮም በዚያ በኩል ነው» እያሉ ሊመልሱኝ ይሞክሩ ነበር። ዝርዝሩን እንደተጻፈበት አቅጣጫ ያልሄደ ሰው ሲጌሪክን አግኝቶታል አልልም።

ከመንገዱ ሁሉ ከፍተኛው ቦታ የታላቁ ቅዱስ በርናርድ መተላለፊያ ነው፤ 2,469 ሜትር። እዚያ ያለው የመነኮሳት ቤት ከ11ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ መንገደኛ ሲያሳድር ኖሯል። በፒያቼንሳ አቅራቢያ የፖን ወንዝ በጀልባ መሻገር ይቻላል፤ ባለጀልባውን ግን ቀድሞ ማነጋገር ያስፈልጋል።

በገዳማት አልጋ ይዘው ሳይነግሩ የሚቀሩ ሰዎች ነገር ያናድዳል። ብዙዎቹ ማደሪያዎች ጥቂት አልጋ ነው ያላቸው፤ እናንተ የቀራችሁበትን አልጋ ሲመሽ የደረሰ ሌላ መንገደኛ ያጣዋል። መቅረታችሁን ስልክ ደውላችሁ ተናገሩ።

ሮም ስትደርሱ፣ ከጴጥሮስ ባዚሊካ በስተጀርባ ያለችውን የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አትርሱ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተሰጠች ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1548 የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን ሮም ላይ ማሳተም የጀመሩት አባ ተስፋ ጽዮን የዚያ ማኅበር ሰው ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኗ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ስለሆነች እንዲሁ ሄዶ መግባት አይቻልም። ጉዞ ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቃችሁ ፈቃድ ያዙ።