ለትንሽ ፊት ልክ የሆነ የመተንፈሻ ማስክ ስለ ማግኘት



በዚህ ዓመት ለመጽሔታችን ምን ልጻፍ ብዬ ሳወጣና ሳወርድ ቆይቼ ስለ እንቅልፍ ለመጻፍ ቈረጥሁ። እንቅልፍ ለሁሉ የተሰጠ ቀላል ነገር ይመስላል። እኔ ግን በእንቅልፍ ምክንያት አባቴን ላጣ ጥቂት ቀርቶኝ ስለ ነበር ነገሩን ተከታትዬ ለማወቅ ተገድጃለሁ። ያወቅሁትም ለሌላው ቤተ ሰብ ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ እነሆ አቀርባለሁ።

አባቴ የጭነት መኪና ነጂ ናቸው። ከመተማ ዮሐንስ ሰሊጥ ጭነው በገንዳ ውኃና በአይከል በኩል ወደ ጎንደር ይወጣሉ። ይህ መንገድ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ካለው ቆላ ተነሥቶ ከ2000 ሜትር በላይ ወደ ሆነው ደጋ የሚያወጣ ስለ ሆነ ዳገቱና ጠመዝማዛው ብዙ ነው። በ2015 ዓ.ም. በሰሊጥ ወራት አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ አባቴን መሪ እንደ ያዙ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ረዳታቸው ዘሎ መሪውን ባያዞር ኖሮ መኪናው ከነጭነቱ ገደል በገባ ነበር። የመንገዱን ጠርዝ ታክኮ ቆመ፤ የሞተም የቈሰለም አልነበረም።

«ጠጥተው ይሆናል» ያለ ሰው ነበር፤ አባቴ ግን ጠላ እንኳ አይቀምሱም። «ሌሊቱን ሳይተኙ አድረው ነው» ያለም ነበር፤ እሳቸው ግን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ጀምረው እስኪነጋ ተኝተው ነበር። ምሥጢሩ የተፈታው በእናቴ ቃል ነው። በእኛ አገር የበጋው ሙቀት ሲበረታ ብዙ ሰው አልጋውን ወደ ደጅ አውጥቶ ይተኛል፤ ስለዚህ የአባቴን ማንኮራፋት ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል። እናቴ ግን «እኔን የሚያስፈራኝ ሲያንኮራፉ አይደለም፤ ዝም ሲሉ ነው» አሉ። ለካስ እናቴ ስንት ዓመት ሙሉ፥ አባቴ ዝም ባሉ ቍጥር ትከሻቸውን ነካ እያደረጉ ትንፋሻቸውን ሲያስመልሱ ያድሩ ኖሯል።

ይህን የሰሙት ሐኪም ለአንድ ሌሊት ትንፋሽን የሚቈጥር መሣሪያ አሰሩላቸው። የአባቴ ትንፋሽ በአንድ ሰዓት ውስጥ 38 ጊዜ ይቋረጥ ወይም ይታፈን እንደ ነበር ታወቀ። ሐኪሙም እስኪሻላቸው ድረስ መሪ እንዳይነኩ ከለከሏቸው። መኪናው ቆመ፤ ቤታችንም እናቴ በገበያ ቡናና ሻይ ሸጠው በሚያገኙት ብቻ መኖር ጀመረ።

በሽታው «በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቋረጥ» ይባላል። ሰው ነቅቶ ሳለ የጉሮሮው ጡንቻዎች የአየሩን መንገድ ከፍተው ይይዛሉ። እንቅልፍ ሲወስደው ግን ጡንቻዎቹ ይላላሉ፤ ምላስና ለስላሳው የላንቃ ክፍልም ወደ ኋላ ይወድቃሉ። መንገዱ ሲጠብ ሰውየው ያንኮራፋል፤ ጨርሶ ሲዘጋ ትንፋሹ ይቆማል። በደሙ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ሲቀንስ አንጎሉ ለቅጽበት ያነቃውና አየር ስቦ ተመልሶ ይተኛል፤ ጧት ግን ይህን አያስታውሰውም። ቢያንስ 10 ሴኮንድ የቆየ እንዲህ ያለ መታፈን አንድ ተብሎ ይቈጠራል። በሰዓት ከ5 እስከ 15 የሆነው ቀላል፥ ከ15 እስከ 30 የሆነው መካከለኛ፥ 30ና ከዚያ በላይ የሆነው ብርቱ ይባላል። እንግዲህ አባቴ ሌሊቱን ሁሉ የተኙ ቢመስላቸውም በእውነቱ በሰዓት 38 ጊዜ ሲባንኑ ያድሩ ነበር።

ብዙ ሰው ይህ በሽታ ወፍራም ሰውን ብቻ የሚይዝ ይመስለዋል። ውፍረት ዋና ምክንያት መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን የታችኛው መንጋጋው ትንሽና ወደ ኋላ የገባ ሰው ቀጭን ቢሆንም እንኳ ለምላሱ በቂ ቦታ ስለማይኖረው ሊያዝ ይችላል። አባቴ ቀጭን ናቸው፤ ፊታቸው ትንሽ፥ አገጫቸውም ገባ ያለ ነው። እንደምታዩት፥ ለበሽታው ምክንያት የሆነው የፊታቸው ትንሽነት ኋላ መድኃኒቱንም አስቸጋሪ አደረገባቸው።

መድኃኒቱ ሲፓፕ የሚባል መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ አየርን በማያቋርጥ ግፊት በቱቦና በማስክ በኩል ወደ ጉሮሮ እየላከ መንገዱ እንዳይዘጋ ይደግፈዋል። የግፊቱን ኃይል በቀላሉ ለመረዳት አንድ ረዘም ያለ ብርጭቆ ውኃ ሞልታችሁ በቀጭን የላስቲክ ቱቦ ከላይ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ እያስገባችሁ ንፉ። አረፋው መውጣት የሚጀምርበት ኃይል ማለት 10 ሴንቲ ሜትር የውኃ ግፊት ነው። መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ባለው መካከል ይሠራል። ያለ ቀናቸው የተወለዱ ሕፃናት ትንፋሽ ሲያጥራቸው በሆስፒታል የሚደረግላቸው፥ ቱቦው በውኃ ጠርሙስ ውስጥ አረፋ የሚያወጣው መሣሪያም በዚሁ ሕግ የሚሠራ ነው።

ለእንቅልፍ በሽታ ይህን ዘዴ ያገኙት በአውስትራሊያ በሲድኒ ከተማ የነበሩት ዶክተር ኮሊን ሱሊቫን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980 በመጀመሪያው በሽተኛ ላይ ሞክረው፥ በ1981 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ውጤቱን አስታወቁ። ከዚያ በፊት ብርቱ ሕመም ለያዘው ሰው የነበረው ሕክምና ጉሮሮውን ከፊት በኩል በስቶ ቱቦ ማስገባት ነበር። እኔን ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ ግን ይህ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማስኩ የሚሠራው የእያንዳንዱ በሽተኛ አፍንጫ በጀሶ ቅርጹ ከተወሰደ በኋላ በዚያው ልክ ነበር። በፋብሪካ በብዛት መሠራትና ትንሽ፥ መካከለኛ፥ ትልቅ መባል የመጣው ኋላ ነው። ስለዚህ ልክ የሚባለው ነገር ከመጀመሪያውም የሕክምናው አካል ነበር ማለት ነው።

በአሜሪካ የሚኖሩ አጎቴ የሐኪሙን ትእዛዝ ተቀብለው መሣሪያውን ገዝተው ላኩልን። አባቴ በአፋቸው የሚተነፍሱ ስለ ሆነ ማስኩ አፍንጫንና አፍን አንድ ላይ የሚሸፍን ነበር። ልኩን ግን የጠየቀ አልነበረም፤ የነገረም አልነበረም፤ የመጣው መካከለኛው ነው። በመጀመሪያው ሌሊት የላይኛው ጠርዝ ወደ ዓይናቸው ተጠግቶ አየሩ ዓይናቸውን ያደርቀው ጀመር። የታችኛው ጠርዝ ከከንፈራቸው በታች ባለው ጎድጓዳ ላይ በማረፍ ፈንታ ከአገጫቸው በታች ወረደ፤ አፋቸው በተከፈተ ቍጥርም እየተንሸራተተ አየሩን በፉጨት ያወጣው ነበር። ይህን ለማስቆም ማሰሪያውን ባጠበቁት መጠን አፍንጫቸው ቈሰለ፤ ማፍሰሱ ግን ባሰ። በ12ኛው ቀን መሣሪያውን በጨርቅ ጠቅልለው ከአልጋ ሥር አስቀመጡት።

አጎቴ ስልክ ሲደውሉ አባቴ «እግዜር ይስጥልኝ፤ ደኅና እተኛለሁ» ይሉ ነበር። እናቴ ደግሞ እንደ ቀድሞው ትከሻ ሲነኩ ማደር ጀመሩ።

«አባዬ፥ ለምን እውነቱን አይነግሯቸውም?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ልጄ፥ ሰው ከአፉ ነጥቆ የላከልኝን እንዴት አልሆነኝም እላለሁ?» አሉኝ።

እኔም አጎቴ የከሰሩት ማስኩ ባለመሆኑ ሳይሆን ከአልጋ ሥር በመቀመጡ ነው ብዬ አሰብሁ። ስለዚህ ማስመሪያዬን ይዤ የአባቴን ፊት ለካሁ። በሁለቱ ዓይኖች መካከል ካለው የአፍንጫ መነሻ ጀምሮ ከታችኛው ከንፈር በታች እስካለው ጎድጓዳ 84 ሚሊ ሜትር፥ የአፍንጫቸው ስፋት ከግራ ክንፉ እስከ ቀኝ ክንፉ 34 ሚሊ ሜትር ሆነ። ቍጥሩን፥ ከፊትና ከጎን ካነሣኋቸው ፎቶግራፎች ጋራ ለአጎቴ ላክሁላቸው። አጎቴ ሳይቈጡ ሳቁ፤ «ጫማ እንኳ ቍጥር ሳልጠይቅ አልልክም፤ ለፊት ግን ልክ እንዳለው መች አሰብሁ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ከሐኪሙ፥ ከአጎቴና ከራሳችን ሙከራ ያገኘነውን ትምህርት በቅደም ተከተል እገልጻለሁ።

1ኛ፤ አስቀድሞ አፍ ለምን እንደሚከፈት መጠየቅ ነው። አፍንጫው ታፍኖ ከሆነ መታከም ያለበት አፍንጫው ነው። የአባቴ አፍንጫ በሰሊጥ ውቂያ ብናኝና በመንገድ አቧራ ምክንያት አብጦ ነበር፤ በሐኪም ትእዛዝ በጨው ውኃ መታጠብና የሚነፋ መድኃኒት ብዙ ከፈተላቸው። አፍንጫው ክፍት ለሆነ ሰው አፍንጫን ብቻ የሚይዘው ማስክ ቢሞከር ይሻላል፤ አነስተኛ ስለ ሆነ የሚያፈስበት ጠርዝ አጭር ነው፤ አፍንም የሚሸፍነው ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ግፊት ይፈልጋል።

2ኛ፤ አፍንጫው ክፍት ሆኖ አፉ ግን በእንቅልፍ የሚከፈት ከሆነ፥ በአፍንጫ የገባው አየር በአፍ ያመልጣል፤ ግፊቱ ይወድቃል፤ አፍም እንደ ኵበት ደርቆ ያድራል። ለዚህ አገጭን ወደ ላይ የሚደግፍ ማሰሪያ አንዳንድ ሰው ይረዳል። መንጋጋው ትንሽ ለሆነ ሰው ግን ማሰሪያው አገጩን ወደ ኋላ ከሳበው የጉሮሮውን መንገድ ያጠበዋል። አባቴም ሞክረውት ባሰባቸው። አፍን በፕላስተር መለጠፍ የሚሉም አሉ፤ አፍንጫ ቢታፈን ወይም ሰውየው ቢያስመልሰው አደገኛ ስለ ሆነ ማንም በራሱ ፈቃድ እንዳያደርገው።

3ኛ፤ አፍንም መሸፈን ግድ ከሆነ ለትንሽ ፊት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በልኩ ትንሽ የሆነውን ሙሉ ማስክ መፈለግ ነው። ሁለተኛው የላይኛው ጠርዙ አፍንጫ ላይ ሳይወጣ ከአፍንጫ ቀዳዳ ሥር የሚያርፈው ዓይነት ነው፤ ይህ ወደ ዓይን አየር አይልክም። የአንዱ ፋብሪካ «ትንሽ» ከሌላው «ትንሽ» ጋራ እኩል ስላይደለ በቃሉ ሳይሆን በሚሊ ሜትር መመራት፥ ፋብሪካው የሚያወጣው የወረቀት መለኪያ ካለም በእርሱ መለካት ይገባል። ለሴቶች ተብለው የተሠሩ ማስኮች ብዙውን ጊዜ አነስ ያሉ ስለ ሆኑ ፊቱ ትንሽ የሆነ ወንድ ሊያፍርባቸው አይገባም። ለአባቴ ልክ የሆነውም ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ከአፍንጫ ሥር የሚያርፍ፥ አፍንም የሚሸፍን።

4ኛ፤ ማስክ የሚሞከረው ተቀምጦ በመስተዋት ፊት ሳይሆን ተኝቶ፥ መሣሪያውም በታዘዘው ግፊት እየሠራ ነው፤ ሰው ሲጋደም የፊቱ ሥጋ ቦታውን ይለውጣልና። ስሱ የሲሊኮን ጠርዝ የሚገጥመው በአየር ተነፍቶ እንጂ በመጨቈን አይደለም። ስለዚህ ማሰሪያውን አላልቶ መጀመር፥ ማስኩን ከፊት ጥቂት አንሥቶ ጠርዙ ሲነፋ መልሶ ማስቀመጥ፥ ከዚያም ግራና ቀኙን እኩል ጥቂት በጥቂት ማጥበቅ ነው።

5ኛ፤ በማስኩ ላይ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች የተቃጠለው አየር የሚወጣባቸው ስለ ሆኑ ፈጽሞ አይደፈኑም። መብራት ሲጠፋም አፍን የሚሸፍነው ማስክ የውጭ አየር የሚያስገባ መዝጊያ ስላለው፥ መሥራቱን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። በእኛ ሙቀት ላብና የፊት ቅባት ማስኩን ስለሚያንሸራትቱት ማታ ፊትን፥ ጧት ማስኩን በለዘብተኛ ሳሙና ማጠብ፥ ማስኩንም በጥላ ማድረቅ ይገባል። አቧራው ብዙ ስለ ሆነ የመሣሪያውን ማጣሪያ ቶሎ ቶሎ ማየት መልካም ነው።

መሣሪያው በየጧቱ የማፍሰሱን መጠንና የታፈኑበትን ቍጥር ያሳያል። አዲሱ ማስክ ከመጣ በሦስተኛው ሳምንት 38 የነበረው ወደ 4 ወረደ። ሐኪሙም ከጥቂት ወራት ክትትል በኋላ አባቴ መሪ እንዲይዙ ፈቀዱላቸው። በመጀመሪያው ጕዞ ወደ ጎንደር ሲወጡ ረዳታቸው መንገዱን ሁሉ ፊታቸውን ሲያይ እንደ ሄደ፥ ከአይከል በኋላ ግን እሱ ራሱ እንቅልፍ እንደ ወሰደው አባቴ እየሳቁ ነገሩን። እናቴም አሁን ሌሊቱን ይተኛሉ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ግን ዝምታው አስደንግጧቸው ሁለት ጊዜ ያህል ትከሻ ነክተዋል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ በቤታችሁ እያንኮራፋ በመካከሉ ዝም የሚል፥ ቀንም ተቀምጦ የሚያንቀላፋ ሰው ካለ፥ ይልቁንም መሪ የሚይዝ ከሆነ፥ ሳትስቁበት ወደ ሐኪም እንዲሄድ ምከሩት። መሣሪያ ለምትልኩ ዘመዶችም ፊቱን አስለክታችሁ ላኩ እላለሁ። ተቀባዩም አልሆነኝም ለማለት አይፈር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ የማስኩን አለመሆን የደበቀም እንደዚሁ ነው። ይሉኝታ አባቴን ወደ ገደሉ ሊመልሳቸው ነበር፤ የመለሳቸው ግን አንድ ማስመሪያና ሁለት ቍጥር ነው።